የድሮ ሌቨር አክሽን ጠመንጃ፦ ፍቅሩም እርግጫውም

(ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ከተደረገ ንግግር ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። የቅዳሜ ማታ ጊዜያችሁን ለአሮጌ ጠመንጃ ወሬ ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ኔቫዳ ውስጥ ግሬት ቤዚን የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ2014 ኖቬምበር ላይ የፓርኩ የአርኪኦሎጂ ሠራተኞች ጥንታዊ ቅርስ ፍለጋ ሲዘዋወሩ አንድ ጥድ ላይ የተደገፈ ጠመንጃ አዩ። እንጨቱ ግራጫ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። ብረቱ ዝጓል። የሰደፉ ጫፍ አፈር ውስጥ ገብቷል። ከግንዱ ጋር ስለተመሳሰለ በአጠገቡ ያለፈ ሁሉ ሳያየው ኖሯል። ዊንቸስተር 1873 ነበር፤ ቁጥሩ የሞዴሉ ዓመት ነው። ሌቨር አክሽን ከሚባሉት፣ ማለትም ከምላጩ ዙሪያ ያለውን የብረት ቀለበት ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት አዲስ ጥይት ከሚያጎርሱት ጠመንጃዎች አንዱ ነው። መለያ ቁጥሩ ሲጣራ በ1882 የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ዋዮሚንግ፣ ኮዲ ከተማ ወዳለው የጦር መሣሪያ ሙዚየም ወሰዱት። ባለሙያዎቹ እንጨቱ ከዚያ በላይ እንዳይፈራርስ አጠናከሩት እንጂ አላደሱትም። ሆስፒታል ወስደው ራጅ ሲያነሱት ሰደፉ ውስጥ ባለችው ትንሽ ጉድጓድ አንዲት ያልተተኮሰች ጥይት ተገኘች። ባለቤቱ ማን እንደነበረ፣ ለምን እዚያ ትቶት እንደሄደ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ይህን ያስቀደምኩት ባለሙያዎቹ ያደረጉት ነገር ልቤን ስለነካው ነው። አልወለወሉትም። ቀለም አልቀቡትም። አዲስ እንጨት አልገጠሙለትም። እኔ ዛሬ የምከራከርለት ነገር ሁለት ነው። የድሮ ጠመንጃ እንዳለ ይጠበቅ። ጤነኛ ከሆነ ደግሞ በልኩ በተሠራ ጥይት ይተኮስ። መስታወት ሳጥን ውስጥ ብቻ የኖረ ጠመንጃ ግማሽ ታሪኩን አይነግራችሁም። ሌላውን ግማሽ የሚነግራችሁ ትከሻችሁ ነው።

እኛ ለጠመንጃ እንግዳ አይደለንም። እዚህ የተቀመጡ አባቶች ስናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር ሲባል ከስሙ ጋር ድምፁም ይመጣባቸዋል። ባላገሩ በሬውን ሸጦ ጠመንጃ የሚገዛበት ዘመን ነበር። እኛ ቤት ምንሽሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ምሰሶው ላይ ይሰቀል ነበር። ልጅ መንካት አይፈቀድለትም። አባቴ ለመወልወል ሲያወርደው ግን ከጎኑ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። ፍቅሩ የያዘኝ ያኔ ነው፤ እዚህ አገር ስመጣ የተለወጠው የጠመንጃው ዓይነት ብቻ ነው።

በኤፕሪል 1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ስር እሮጌ ላይ የአፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የገጠመው ስናድር ይዞ ነበር። ስናድር ከኋላ ይጎርሳል፤ የሚይዘው ግን አንድ ጥይት ነው። የእኛ ሰዎች አብዛኞቹ ከአፈሙዝ የሚሞላ ጠመንጃ፣ ጦርና ጎራዴ ነበር የያዙት። ልዩነቱ ምን እንዳደረሰ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። እንግሊዞቹ ሲመለሱ ለደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ለሆኑት፣ መድፍና ጠመንጃ ሰጥተው ሄዱ። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ከአሥር በላይ ጥይት ጎርሶ ሳያርፍ የሚተኩስ ጠመንጃ እንደ ማንኛውም ዕቃ በሱቅ ይሸጥ ነበር። የሁለቱን ዓለም ርቀት በዚህ መለካት ይቻላል።

ያ ጠመንጃ ሄንሪ የሚባለው ጠመንጃ ልጅ ነው። ቤንጃሚን ታይለር ሄንሪ በ1860 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ፋብሪካው ኮኔቲከት፣ ኒው ሄቨን ነበር። ገንዘቡን ያወጣው ኦሊቨር ዊንቸስተር ደግሞ ከዚያ በፊት ሸሚዝ እያመረተ ሀብት ያፈራ ሰው ነው። ሄንሪ ከአፈሙዙ በታች ባለው ቱቦ 16 ጥይት ይይዛል። ጉድለትም ነበረበት። የቱቦው ሆድ የተሰነጠቀ ስለሆነ አፈርና ጭቃ ይገባዋል። ከአፈሙዙ በታች እንጨት ስለሌለው ደጋግመው ሲተኩሱት እጅ ያቃጥላል። በ1866 ዊንቸስተር በራሱ ስም ያወጣው ጠመንጃ ሁለቱንም አቃለለ። ለእጅ የሚሆን እንጨት ገጠመለት፤ ጥይቱም ከቀኝ ጎኑ ባለች ትንሽ በር እንዲጎርስ አደረገ። ያቺ በር እስከ ዛሬ አለች።

አሁን እስኪ 1873ን ከቅርብ እንየው። በጎኑ ያለውን አንድ ብሎን ፈትቼ የጎን ሽፋኖቹን ሳወጣ ውስጡ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከምላጩ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት፣ ሌቨሩ ማለት ነው፣ ከሁለት አጫጭር ማያያዣ ብረቶች ጋር ተያይዟል። እነዚህ ብረቶች የሚሠሩት እንደ ሰው ጉልበት ነው። ሲዘረጉ ቀጥ ብለው ይቆልፋሉ፤ ሲታጠፉ ይለቃሉ። ሌቨሩን ወደ ታች ስትገፉት ብረቶቹ ይታጠፋሉ። መዝጊያው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በዚያው መዶሻውን ያቀናል፤ ባዶውን ቀለህም ይዞት ይወጣል። ወዲያው አንድ የነሐስ ጉማጅ አዲስ ጥይት ተሸክሞ ከታች ብቅ ይላል፤ ባዶውን ቀለህ ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። ሌቨሩን ስትመልሱት አዲሷ ጥይት ትገባለች፣ የነሐሱ ጉማጅ ይወርዳል፣ ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ይቆለፋል። የነሐሱ ጎኖች በአጠቃቀም ብዛት ያበራሉ። ድምፁም የተለየ ነው። ብረት በዘይት ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ቀጭን ድምፅ፣ ከዚያ ቀጭ፣ ከዚያ ደግሞ ቀጭ። ልብ ይሰርቃል።

ያ ሁሉ የተሠራው ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ነው። በእንፋሎት ኃይል በሚዞሩ ማሽኖችና በሰው እጅ ሞረድ። ጠመንጃው መጀመሪያ 50 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። በ1882 ዋጋው ወደ 25 ዶላር ወረደ። በዚያ ዓመት ብቻ 25 ሺህ ገደማ ተሠራ። ጠቅላላው ከ700 ሺህ በላይ ነው። የሚጎርሰው ፎርቲ ፎር ፎርቲ የሚባለውን ጥይት ነበር። ኮልት ኩባንያ በዚሁ ጥይት የሚሠራ ሽጉጥ ሲያወጣ ገበሬውም፣ ከብት ጠባቂውም አንድ ዓይነት ጥይት ይዞ ሁለቱንም መሣሪያ መጠቀም ቻለ። ከሱቅ ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዊንቸስተር 1873 «ምዕራቡን ያቀና ጠመንጃ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በ20ኛው መቶ ዘመን ኩባንያው ለማስታወቂያ ያመጣው አባባል ነው። እኔ አልወደውም። ምዕራቡ ባዶ መሬት አልነበረም። ባለቤት ነበረው። እንዲያውም ሌቨር አክሽን ጠመንጃ ስሙን ካገነነባቸው ጦርነቶች አንዱ የባለቤቶቹ ድል ነው። በጁን 1876 ሞንታና ውስጥ ሊትል ቢግሆርን ላይ የላኮታና የሸየን ተዋጊዎች ሌተናል ኮሎኔል ከስተር ራሱ የመራውን የፈረሰኛ ክፍል ደመሰሱ። ከ260 በላይ የመንግሥት ወታደሮችና አጃቢዎቻቸው ሞቱ። ወታደሮቹ የያዙት አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ስፕሪንግፊልድ ነበር። ከተዋጊዎቹ ደግሞ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ሄንሪና ዊንቸስተር ነበራቸው። በ1983 የሣር ቃጠሎ ሜዳውን ገለጠው። በማግስቱ ዓመት ቁፋሮ ተጀመረ። አርኪኦሎጂስቶቹ እያንዳንዱን ቀለህ ከወደቀበት ሳያነሱ መዘገቡት፤ የጠመንጃው መተኮሻ መርፌ ቀለሁ ላይ የተወውን ምልክት እያመሳከሩም አንድ ጠመንጃ ከየት ወዴት እየተንቀሳቀሰ እንደተተኮሰ አወቁ። አንዲት ባዶ ቀለህ ከመቶ ዓመት በኋላ ምስክር ትሆናለች። ለዚህ ነው የድሮ ነገር አትንኩ፣ አትወልውሉ የምለው።

ወደ ብረቱ ልመለስ። የ1873 ጉልበት፣ ያ የሚታጠፈው ማያያዣ፣ ለቀላል ጥይት በቂ ነው፤ ለከባድ ጥይት ግን ደካማ ነው። ይህን የፈታው ለዊንቸስተር ጠመንጃ የነደፈው ጆን ብራውኒንግ ነው። የዩታ፣ ኦግደን ልጅ ነው። በ1886 የወጣው ሞዴሉ ውስጥ ሌቨሩ ሲዘጋ ሁለት ጠንካራ ብረቶች ከታች ወደ ላይ ወጥተው መዝጊያውን ግራና ቀኝ ይቆልፉታል። ስለዚህ ፎርቲ ፋይቭ ሰቨንቲ የሚባለውን፣ የአሜሪካ ጦር በ1873 የተቀበለውን ከባድ ጥይት መሸከም ቻለ። 1892 የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም የሚያምረው 1886 ነው። ሌቨሩን ስታንቀሳቅሱት ክብደቱን ትረሱታላችሁ።

ከሁሉም በላይ የተሸጠው ግን 1894 ነው። በጠቅላላው ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። አንድ ሚሊዮነኛው በ1927 ለፕሬዝዳንት ካልቪን ኩሊጅ ተሰጠ። በ1895 ጭስ አልባ ባሩድ የያዘችውን ሠርቲ ሠርቲ ጥይት ሲጎርስ፣ ቀጭን፣ ቀላል፣ ኮርቻ ላይ የሚመች የአዳኝ ጠመንጃ ሆነ። የብዙ አሜሪካዊ አያት ጠመንጃ እሱ ነው። ገጠር ሄዳችሁ የማንንም ሽማግሌ ቁም ሳጥን ብትከፍቱ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

የብራውኒንግ 1895 ደግሞ ከወንድሞቹ ይለያል። ቱቦ የለውም። ጥይቱ ከምላጩ ፊት ባለ ካዝና ውስጥ ይደረደራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቱቦ ውስጥ የአንዷ ጥይት አፍንጫ የፊተኛዋን መቀመጫ ይነካል። አፍንጫዋ ሹል ከሆነች ጠመንጃው ሲረግጥ የፊተኛዋን መቀጣጠያ ልትመታ ትችላለች። ስለዚህ የቱቦ ጠመንጃ ጥይት አፍንጫው ጠፍጣፋ ነው። ካዝና ያለው ግን ሹሉንም ይጎርሳል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሩሲያ ይህን ሞዴል ወደ 300 ሺህ ገደማ ገዛች። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም በ1909 ለአደን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጣ ፎር ኦ ፋይቭ የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ 1895 ይዞ ነበር፤ አንበሳም ገድሎበታል።

ሳቬጅ 99 እና ማርሊን የሚባሉትን ሌሎች ሌቨር አክሽኖች ሳልጠቅስ ባልፍ የሚቆጡኝ አሉ። አርተር ሳቬጅ ጃማይካ የተወለደ ሰው ነው። መዶሻው ከውጭ የማይታይ፣ ጥይቱ በሚዞር የነሐስ ከበሮ ላይ የሚቀመጥ ድንቅ ጠመንጃ ሠራ። ማርሊን ደግሞ ባዶ ቀለህ በጎን እንዲወጣ ስላደረገ ከላይ የማነጣጠሪያ መነጽር መግጠም ቀላል ሆነ። ኩባንያው እጅ ቢለዋወጥም ከ2020 ጀምሮ ሩገር በሚባለው የጠመንጃ ኩባንያ ስር ሆኖ ዛሬም ይሠራል።

እንግዲህ ወደ እርግጫው።

ጥይቱ ወደ ፊት ሲሄድ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይመጣል። ይህ ሕግ ነው፤ ማንም አያመልጠውም። የፎርቲ ፋይቭ ሰቨንቲ የድሮው እርሳስ፣ ተተኩሶ የሚወጣው የጥይቱ ክፍል ማለት ነው፣ 26 ግራም ይመዝናል። በሰከንድ 400 ሜትር ገደማ ይወጣል። ጠመንጃው 3.2 ኪሎ ቢሆን በእርሳሱ ምክንያት ብቻ በሰከንድ ከ3 ሜትር በላይ ፍጥነት ይዞ ወደ ትከሻ ይመጣል። የሚወጣው ጋዝም የራሱን ይጨምራል። ጁል በሚባለው የጉልበት መለኪያ ስንለካው ፎርቲ ፎር ፎርቲ 4 ወይም 5 ጁል፣ ሠርቲ ሠርቲ 15 ገደማ፣ ፎርቲ ፋይቭ ሰቨንቲ በድሮው ልኩ ወደ 25 ጁል ይሆናል። ዛሬ ለአዳዲስ ጠመንጃዎች የሚሠራው ኃይለኛው ፎርቲ ፋይቭ ሰቨንቲ ደግሞ ከ50 ያልፋል። ይህ ሁሉ እንደ ጠመንጃው ክብደት ይለያያል። ነገሩ ግን ግልጽ ነው። አንዱን እየሳቃችሁ ቀኑን ሙሉ ትተኩሱታላችሁ፤ ሌላኛው ከጥቂት ጥይት በኋላ «በቃኝ» ያሰኛል።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ሁሉን አይናገርም። ጥቁር ባሩድ ቀስ ብሎ ይገፋል። ጭስ አልባው ፈጥኖ ይመታል። ያንኑ እርሳስ በጥቁር ባሩድ ስትተኩሱት ሰደፉ ትከሻችሁን ተጭኖ የሚገፋ ዓይነት ነው። ነጭ ጭስ ፊት ለፊታችሁ ተንጠልጥሎ ዒላማውን ይጋርዳል። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል የድኝ ሽታ ይመጣል። ያኔ ነው የዚያ ዘመን ሰው ለምን ከተኮሰ በኋላ ወደ ጎን እርምጃ እየወሰደ ይመለከት እንደነበር የሚገባችሁ። መጽሐፍ ላይ ብታነቡት እንዲህ አይገባችሁም።

ሰደፉም አለ። የድሮ ሌቨር አክሽን ብዙዎቹ የሰደፋቸው ጫፍ እንደ ጨረቃ የታጠፈ የብረት ሳህን ነው። ላይና ታች ሹል ጫፍ አለው። የዛሬ ሰው ጎማ የለመደ ስለሆነ ያንን ብረት ወደ ውስጠኛው ትከሻው አስገብቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ይተኩሳል። ከዚያ ጠመንጃውን ይረግማል። ጥፋቱ የጠመንጃው አይደለም። ያ ቅርጽ የተሠራው ቆሞ ለሚተኩስ ሰው ነው። ክርኑን ወደ ላይ አንስቶ፣ ሳህኑን ከትከሻው ውጭ፣ ክንዱ ከትከሻው የሚጋጠምበት ላይ የሚያስቀምጥ ሰው። እንደዚያ ስትይዙት ሁለቱ ጫፎች ክንዳችሁን ያቅፉታል፤ አይወጉም። የቀድሞ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። እኛ ነን አያያዙን የረሳነው።

በተጨማሪ የድሮ ሰደፍ ወደ ታች ዝቅ ያለ ነው። በብረት ማነጣጠሪያ ለሚያይ ሰው ይመቻል። ግን እርግጫው ወደ ላይም ይሄዳል። አፈሙዙ ይነሳል፣ እንጨቱ ጉንጭ ይመታል። የሩዝቬልቱ 1895 በዚህ ስሙ የከፋ ነው። ቀጭን ሰደፍ፣ የታጠፈ ብረት፣ 19 ግራም እርሳስ በሰከንድ 670 ሜትር። አንድ ጊዜ ተኩሶ ለሌላ ሰው የሚያቀብል ብዙ ሰው አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ለወጣቶቹ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጉዳቱ ትከሻ ላይ አይቆምም፤ ወደ ጭንቅላት ይሄዳል። ሰውነት ምቱን ሲጠብቅ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ይሸማቀቃል። ዓይን ይጨፈናል፣ አፈሙዙ ይወርዳል፣ ጥይቱ አፈር ይመታል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጓደኛችሁ ባሩድና መቀጣጠያ የሌላትን የልምምድ ጥይት ሳታዩ መሃል ላይ ያስገባ። ተራዋ ሲደርስ ጠመንጃው አይተኩስም፤ አፈሙዙ ግን ሲወርድ ሁላችሁም ታዩታላችሁ። መድኃኒቱ ወደ ቀላል ጥይት መመለስ ነው። ወንድነት በእርግጫ አይለካም። ትከሻው እስኪበልዝ ተኩሶ ፎቶ የሚለጥፍ ልጅ ዒላማውን ለምን አያሳየንም? የጆሮ መከላከያና የዓይን መከላከያ መነጽር ግን ለቀላሉም ለከባዱም የግድ ነው። የጠፋ የመስማት ችሎታ አይመለስም።

የጥይቱን ነገር አጥብቄ የምናገረው ለጠመንጃውም ለእናንተም ስለምሳሳ ነው። በ1880ዎቹ የተሠራ 1873 ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው። በአንድ ወቅት ኩባንያዎች ለ1892 የሚሆን ፈጣን ፎርቲ ፎር ፎርቲ ሲያወጡ ሳጥኑ ላይ ለ1873 እንዳይሆን አስጠንቅቀው ነበር። ጥይቷ ስለገባች ብቻ ትተኮሳለች ማለት አይደለም። የአሮጌው ማያያዣ ከላላ መዝጊያው በደንብ አይቆለፍም፤ ያ ደግሞ ፊታችሁ ላይ ነው ያለው። መጀመሪያ የድሮ ጠመንጃ የሚያውቅ ባለሙያ ይየው። ጥቁር ባሩድ ከተኮሳችሁበት በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ዘይት ቀቡት። አድሮ ማለት ዝገት ማለት ነው።

ወደ መሰብሰቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ትዕግሥት የሌለው ሰው ገንዘቡን ያጣል። ጀማሪ የሚሳበው በሚያብረቀርቀው ነው። አሮጌ ጠመንጃ ሲያብረቀርቅ እኔ እጠረጥራለሁ። ጽሑፉን ተመልከቱ። የፊደሎቹ ጠርዝ ስለታም ነው ወይስ በመወልወያ ሟሙቷል? የብሎኖቹ ራስ የተበላ ከሆነ ማንም ሰው በማይሆን መፍቻ ፈቶታል። እንጨቱ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጣት ዳስሱ። ከፋብሪካ ሲወጣ እንጨቱ ከብረቱ ትንሽ ከፍ ይላል። እኩል ከሆነ ወይም ዝቅ ካለ አንድ ሰው በአሸዋ ወረቀት ፍቆታል። በብርሃን የአፈሙዙን ውስጥ እዩ። ቡናማ ሆኖ የደበዘዘ፣ በእጅ ብዛት የጠገበ ብረት አይጣል። ያ ቀለም ሊገዛ የማይችል የ140 ዓመት ሥራ ነው። አንድ ጊዜ ከተወለወለ ማንም አይመልሰውም።

ዋጋው ሲወጣ አጭበርባሪም ይበዛል። በ1870ዎቹ ዊንቸስተር አፈሙዛቸው ከሌሎቹ በልጦ የተገኙ ጥቂት 1873 ጠመንጃዎችን «ከሺህ አንዱ» ብሎ ጽፎባቸው በውድ ሸጧል። ከመቶ ብዙም ያልበለጡ ናቸው። ዛሬ ያ ጽሑፍ ያለበት ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ደግነቱ የፋብሪካው መዝገብ ብዙው ኮዲ ሙዚየም ይገኛል። መለያ ቁጥሩን ሰጥታችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ጠመንጃው መቼና በምን ዓይነት ሁኔታ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚገልጽ ደብዳቤ ታገኛላችሁ። ያ ደብዳቤ የሻጭን ምላስ ያሳጥራል። የ1894 ወዳጆች ደግሞ ከ1964 በፊት የተሠራውን ነው የሚፈልጉት። በዚያ ዓመት ፋብሪካው ወጪ ለመቀነስ አሠራሩን ለወጠ። ልዩነቱን እጅ ይነግራችኋል፤ ሌቨሩን አንዴ ማንቀሳቀስ ይበቃል።

ገንዘቡ ለሌለው በር አልተዘጋም። ጣሊያን ውስጥ ኡቤርቲ የ1866ን እና የ1873ን አምሳያ በጥሩ ብረት ይሠራል። ዛሬ ዊንቸስተር የሚል ስም ያለባቸው ሌቨር አክሽኖች ጃፓን ውስጥ ሚሮኩ ይሠራቸዋል፤ ሥራቸውም ንጹሕ ነው። አንዳንድ ሰብሳቢ እነዚህን ይንቃል። እኔ አልንቅም። ለመተኮስ አምሳያውን፣ ለማስቀመጥ ዋናውን የያዘ ሰው ሁለቱንም በክብር ይጠብቃል።

ሕጉን በተመለከተ፣ በፌዴራል ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል። የየስቴቱ ሕግ ግን ይለያያል። ከመካከላችን በጊዜያዊ ቪዛ ያሉ ወገኖች ደግሞ በአብዛኛው ዘመናዊ መሣሪያ መያዝ አይፈቀድላቸውም። ጓደኛ አዋሰኝ ብላችሁ የስደት ጉዳያችሁን አታበላሹ። መጀመሪያ ጠበቃ ጠይቁ።

አንዲት እናት ከመግባቴ በፊት «ልጄ፣ የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ነገር እንዴት ይወደዳል?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ትክክል ነው። እኔም በቀላሉ አላልፈውም። እነዚህ ጠመንጃዎች ጎሽን ከምድረ ገጽ ሊያጠፉ በደረሱ አዳኞች እጅ ነበሩ። ሕዝብን ከመሬቱ ባፈናቀሉ ሰዎች እጅ ነበሩ፤ ያንን በተከላከሉ እጆችም ነበሩ። የእኛም አገር ጠመንጃ እንዲሁ ነው። አድዋ ላይ ነፃነት አስገኝቷል። በየመንደሩ ደግሞ ወንድም ወንድሙን ገድሎበታል። እማማ፣ እኔ የምወደው የሠራተኛውን ጥበብና በብረቱ ላይ የቀረውን የታሪክ አሻራ ነው። ይህን ስል ግን ጠመንጃው ምን እንዳደረገ ከልጆች አልደብቅም። ልጆቼ ጠመንጃውን ሲያዩ የሊትል ቢግሆርንን ታሪክ አብረው ይሰማሉ።

በሰርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የመተኮስ ልማዳችንንም እዚህ ላንሳው። አገር ቤት ሳለሁ እኔም እየሰማሁ አድጌያለሁ፤ የጀግና ክብር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ወደ ላይ የሄደ ጥይት ይመለሳል። የሚመለሰው ደግሞ ማንም በማይጠብቀው ሰው ራስ ላይ ነው። ከዚህ የተነሳ ሰው ሞቷል። ይህ ልማድ ይቅር። ባሕር ማዶ ያለን ሰዎችም «እንዴት ደመቀ» እያልን ቪዲዮውን ማሰራጨታችንን እናቁም።

ቤት ውስጥ ጠመንጃው በተቆለፈ የብረት ሳጥን ይቀመጥ፣ ጥይቱ ለብቻው ይቆለፍ። መዶሻው ከውጭ የሚታይ የድሮ ሌቨር አክሽን በአብዛኛው ዛሬ የምናውቀው ዓይነት የመተኮስ መከላከያ የለውም። ዋናው መከላከያው መዶሻውን በግማሽ ማቆም ነው። መዶሻውን በአውራ ጣት ይዞ ማውረድ ልምድ ይጠይቃል፤ በተለይ ጣት በብርድ ወይም በዘይት ሲያሟልጭ። ይህን በባዶ ጠመንጃ፣ አፈሙዙን ወደማይጎዳ አቅጣጫ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ተለማመዱ።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው ምክሬ አጭር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት በተኩስ ሜዳ ተከራይታችሁ ወይም ከሚያውቅ ሰው ጋር ሄዳችሁ ሞክሩ። በሽጉጥ ጥይት ከሚሠራ ሌቨር አክሽን ጀምሩ፤ ሠርቲ ኤት ስፔሻል ለሴትም ለወንድም፣ ለአዋቂም ለጀማሪም የሚመች ነው። ቀጥላችሁ ወደ ሠርቲ ሠርቲ እለፉ። ፎርቲ ፋይቭ ሰቨንቲ ይቆያችሁ። ኮዲ ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ቤተሰብ ይዛችሁ ብትሄዱ ልጆቹም ይደሰታሉ፣ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክም ቅርብ ነው። ከዚያ በኋላ መግዛት ከፈለጋችሁ አብሬያችሁ ሄጄ ብሎኑንም እንጨቱንም አይላችኋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለው 1873 ባዶ መሆኑ በሦስት ሰው ተረጋግጧል። መጥታችሁ ሌቨሩን ሞክሩት። እጃችሁን ግን መጀመሪያ ጥረጉ፤ ላብ ብረቱን ያዝገዋል።